ሁለተኛው ፊልትሮ

ከመስቀል አደባባይ በመሿለኪያ አድርጎ በላንቻ በኩል ወደ ጎተራ የሚወርድ ሰው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ካለ ጋራዥ አያጣም። ከነዚያ በአንዱ፣ ገና በጧቱ፣ አንድ የናፍጣ ሚኒባስ ዘይት ይቀየርለታል። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ የኮፓውን፣ የሞተሩን የዘይት ቋት፣ ብሎን ሲፈታው የሞቀው ዘይት እየተጠማዘዘ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ጥቁር ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲህ ስለሚጠቁር ማንም አይደነግጥም። ቀጥሎ ፊልትሮው ተፈታ። ወደ ቁርጥራጩ ክምር ከመወርወሩ በፊት ለመንኩትና አናቱን ዙሪያውን በብረት መጋዝ ቆረጠልኝ።

ከቆርቆሮው ውስጥ እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት ወጣ። እጥፋቱን እየለቀቅን ጋዜጣ ላይ ዘረጋነው፤ ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቀን ወደ ፀሐይ አዞርነው። እዚህም እዚያም ብልጭ የሚል ነገር አለ። ከሥሩ ማግኔት ስናንቀሳቅስ ከብልጭልጩ የተወሰነው አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ያ ብረት ነው። ያልተንቀሳቀሰው አሉሚኒየም፣ ክራንክ ሻፍቱን የሚሸከመው የብሮንዚና ቅርፊት ወይም የመንገድ አሸዋ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ ባየው ረካ። ትልቅ ስባሪ የለም፣ ፊልትሮው ሥራውን ሠርቷል፣ ሞተሩ ደህና ነው። እውነቱን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ወረቀቱ ላይ ያልቀረው ነበር። ሞተርን ዕለት ከዕለት የሚበላው ብናኝ ወረቀቱን አልፎ ገንዳው ውስጥ ባለው ጥቁር ዘይት ውስጥ ተንሳፍፏል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ከሰርቪስ እስከ ሰርቪስ ባለው ጉዞ ሁሉ በእያንዳንዱ ብሮንዚና መሃል ሲመላለስ ከርሟል።

መለኪያው ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፤ ከ40 በታች የሆነን ቅንጣት ዓይናችን ለብቻው ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። በአብዛኛው መኪና ላይ የሚገጠመው ዋናው የዘይት ፊልትሮ በአስተማማኝ የሚይዘው ከ20 እስከ 40 ማይክሮን የሚደርሰውንና ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ካነሰው ላይ ጥቂቱን ይይዛል፣ ብዙውን ያሳልፋል። በሌላ በኩል፣ ክራንክ ሻፍቱን ከብሮንዚናው የሚለየው የዘይት ንጣፍ እንደ ጭነቱና እንደ ፍጥነቱ ከግማሽ ማይክሮን እስከ 20 ማይክሮን ቢወፍር ነው። በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው ከዚያም ይሳሳል።

ነገሩ የሚገለጠው እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው። ከንጣፉ እጅግ የሚተልቅ ቅንጣት ወደ ክፍተቱ አይገባም። እጅግ የሚያንሰው ከዘይቱ ጋር ሾልኮ ያልፋል። ጉዳት የሚያደርሰው ከንጣፉ ውፍረት ጋር የሚተካከለው ነው፤ ይገባል፣ ሲገባ ግን ሁለቱንም ብረት እየፋቀ ነው። የተፋቀው ብረት ደግሞ ራሱ አዲስ ቅንጣት ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይዞርና ሌላ ቦታ ይፍቃል። ሞተር ድንገት አንድ ቀን «አረጀ» የሚባለው፣ ሰማያዊ ጭስ ማውጣትና ዘይት መጠጣት የሚጀምረው፣ ይህ መፋቅ ለዓመታት ሳይታይ ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ከጄኔራል ሞተርስ በኩል ለአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር የቀረበ ጥናት በዚህ መስክ ደጋግሞ ይጠቀሳል። አጥኚዎቹ በናፍጣና በቤንዚን ሞተሮች ላይ የተለያየ የማጣራት አቅም ያላቸውን ፊልትሮዎች አወዳደሩ። 40 ማይክሮን ከሚያጣራው ጋር ሲነጻጸር፣ 30 ማይክሮን የሚያጣራው የሞተሩን መበላት በ50 በመቶ፣ 15 ማይክሮን የሚያጣራው ደግሞ በ70 በመቶ ቀነሰው። ሙከራው የተደረገው ሆን ተብሎ ብናኝ እየተጨመረ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ልክ ይህንኑ ያህል ያተርፋል ማለት አይደለም። አቅጣጫው ግን አያሻማም። ዘይቱ በጠራ ቁጥር ብረቱ ይሰነብታል።

ታዲያ ዋናውን ፊልትሮ ለምን አያጠብቡትም? ወደ ሞተሩ የሚሄደው ዘይት በሙሉ በእሱ በኩል ማለፍ ስላለበት ነው። በሐምሌ ጧት፣ ዘይቱ ቀዝቅዞ በወፈረበት ሰዓት፣ ወረቀቱ ከልክ በላይ ጥቅጥቅ ያለ ቢሆን ዘይቱ በበቂ ፍጥነት አያልፍም። ሞተር ያለ ዘይት ጥቂት ሰከንድ ከሚሠራ በቆሸሸ ዘይት ቢሠራ ይሻለዋል። ስለዚህ አምራቾቹ ማምለጫ ቫልቭ ያስገቡለታል፤ ፊልትሮው ሲያስቸግር ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ዋናው ፊልትሮ ከጥራትና ከፍጥነት መምረጥ ሲኖርበት ፍጥነትን ይመርጣል፤ ሊመርጥም ይገባል።

ባይፓስ ፊልትሮ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ከዘይት ፓምፑ ከሚወጣው ውስጥ አሥር በመቶ የማይሞላው ብቻ በቀጭን ቀዳዳ ተለይቶ ወደ ጎን ይወጣል፣ ጥቅጥቅ ባለ ማጣሪያ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ኮፓው ይገባል። ሞተሩ እሱን አይጠብቅም። ቢደፈን እንኳ የሚቋረጠው ማጣራቱ ብቻ ነው፤ የሞተሩ ዘይት በዋናው መንገድ መሄዱን አይተውም። የማይቸኩል ስለሆነም እስከ ሁለትና ሦስት ማይክሮን ድረስ ወርዶ መያዝ ይችላል። ዋናው ፊልትሮ ጠጠሩን ከጤፉ የሚለይ ወንፊት ቢሆን፣ ባይፓሱ ዱቄት መንፊያው ነው። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢያልፍበት በሰዓት 60 ሊትር ይሆናል። ስድስት ሊትር ለሚይዝ የሚኒባስ ሞተር ይህ በየሰዓቱ የኮፓውን አሥር እጥፍ ማጣራት ማለት ነው።

በየትኛውም አገር የሚሠራ መኪና ከዚህ ይጠቀማል። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለውና ፓምፑ ለቆላ የተስተካከለ የናፍጣ ሞተር ግን ያንኑ ያህል ናፍጣ ይረጫል። አየሩ ስላልበቃው በሙሉ አይቃጠልም፤ የተረፈው ጥላሸት ይሆናል። ከዚያ ጥላሸት ዳገት ላይ በጭስ ማውጫ በኩል የሚወጣውን ሁላችንም እናየዋለን። በፋሻው ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ የሚወርደውን ግን አናየውም። የጥላሸት ቅንጣት ለብቻው ከማይክሮን እጅግ ያነሰ ነው፤ ሲበዛ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይተልቃል፣ ዘይቱን ያወፍራል፣ ብረቱንም መሞረድ ይጀምራል።

አቧራው ደግሞ አለ። ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ የግንቡ፣ የጭቃ ቤቱና የተቆፈረው መሬት ብናኝ ለወራት አየሩ ላይ ነበር። የአሸዋ ብናኝ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከብሮንዚና ብረት ቀርቶ ከአብዛኛው የሞተር ብረት ይጠነክራል። በላላ የአየር ቱቦ፣ በተቀደደ የአየር ፊልትሮ ወይም ክዳኑን ሳይጠርጉ ዘይት ሲሞሉ ይገባል።

ሦስተኛው ሰልፍ ነው። ከስታዲየም ካዛንቺስ የሚመላለስ ሚኒባስ ወረፋ ላይ፣ መብራት ላይ፣ ተሳፋሪ ሲጭንና ሲያወርድ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይህን አይቆጥርም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሰርቪስ ወረቀት 5,000 ቢልም፣ ዘይቱ የሠራው ሰዓት ግን በአገር አቋራጭ መንገድ ከሚሄደው መኪና እጅግ የበለጠ ሊሆን ይችላል።

አሁን በእጃችን ያለውን ሞተር መተካትም እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ፋሻ፣ ብሮንዚናና ፒስተን ሁሉ አብሮት ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪናው መምጣቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን የሚኒባሱ፣ የአይሱዙው፣ የሲኖትራኩና የጄኔሬተሩ ናፍጣ ሞተር ገና ለብዙ ዓመታት ያገለግለናል፤ ለባለቤቱም ልጆች የሚያድጉበት እንጀራ ነው። ሞተር ማስወረድ ማለት ወጪው ብቻ አይደለም። መኪናው ቶርኖ ቤት ሲጠብቅ የሹፌሩም የረዳቱም ገቢ አብሮ ይቆማል።

ባይፓስ ፊልትሮ አዲስ ፈጠራ ይመስለው የነበረ ሰው ታሪኩን ቢያይ ይገረማል። አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ «ፒዩሮሌተር» የተባለውን የመኪና ዘይት ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1923 ሲያወጣ፣ በዓመቱም ክራይስለር መኪናው ላይ ሲገጥመው፣ የዘይቱን ከፊል ብቻ እየወሰደ የሚያጣራ ነበር። ዘይቱን በሙሉ የሚያሳልፈው የዛሬው ዓይነት ፊልትሮ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አዲስ አበባ አብዝታ የወደደችው ቮልስዋገን እንዲያውም የወረቀት ፊልትሮ አልነበረውም፤ ከኮፓው ሥር ያለ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነበረው፤ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነበር።

በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ካማዝ ደግሞ በዚህ ረገድ ከብዙ ዘመናዊ መኪና ይበልጣል። 740 የሚባለው ሞተሩ ከዋናው ፊልትሮ ሌላ በጎን የተገጠመ፣ ወረቀት የሌለው ሴንትሪፉጅ አለው። ዘይቱ ራሱ በግፊቱ ሮተሩን በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ያሽከረክረዋል፤ ከባዱ ብናኝና ጥላሸት ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ይጣበቃል። የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሮተሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል እያፏጨ መዞሩን ይቀጥላል። ድምፁ ወዲያው ከተቋረጠ ቆሽሿል ወይም ተጣብቋል። ሲከፈት ግድግዳው ላይ ጣት ያህል የሚወፍር፣ ጥቁር፣ የተጠቀጠቀ ዝቃጭ ይገኛል፤ በእንጨት ተፍቆ ይወጣል። ያ ዝቃጭ ሴንትሪፉጁ ባይኖር ኖሮ ዘይቱ ውስጥ ይዞር የነበረ ነው። አንድ ጊዜ ያየ ሰው ስለ ባይፓስ ማጣሪያ ጥቅም ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ አይመስለኝም።

2ኤች የሚባል ሞተር ያለው አሮጌው ላንድክሩዘርም ሁለት ፊልትሮ አለው፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው ባይፓስ። የብዙ ሆቴልና መሥሪያ ቤት ጄኔሬተር የሚያዞሩት አንዳንድ የካሚንስ ሞተሮች ደግሞ ሁለቱን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ያጣመረ ፊልትሮ ይወስዳሉ፤ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ተራውን የሚገጥም ሰው ሳያውቀው አንዱን ማጣሪያ አወለቀ ማለት ነው። በተቃራኒው ሁለት ቆርቆሮ ሁሉ ባይፓስ አይደለም። የሲኖትራኩ ደብሊው ዲ 615 ጎን ለጎን ሁለት ፊልትሮ ቢኖረውም ሁለቱም ዋና ናቸው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ባለንብረቱ ሞተሩን ይወቅ። ሁለተኛው ፊልትሮ ያለው መኪና እያለው ለዓመታት ሳይቀየርለት የሚነዳ ሰው አለ፤ ሴንትሪፉጁ ተከፍቶ የማያውቅ ካማዝም እንዲሁ። ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስቆጭ ነው፤ ማጣሪያው ተከፍሎበት ተገዝቷልና።

ጋራዥ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ሥጋት አለ፤ እንዲህ ያለ ጥብቅ ማጣሪያ ዘይቱ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ይበላዋል የሚል። ዘይቱን የሚከላከሉት ተጨማሪ ኬሚካሎች በአብዛኛው ዘይቱ ውስጥ የሟሙ በመሆናቸው ሁለት ማይክሮን የሚይዝ ወረቀት አያግዳቸውም። እነሱን የሚጨርሳቸው ሙቀቱ፣ ጊዜውና ከናፍጣው ድኝ የሚፈጠረው አሲድ ነው። የማጣሪያው ትክክለኛ ወሰንም እዚህ ላይ ነው። ባይፓስ ፊልትሮ ቅንጣት ይይዛል፤ ዘይቱ ውስጥ የገባ ናፍጣ አይለይም፣ ከራዲያተር ከገባ ውሃ አያድንም፣ አሲድ አያጠፋም፣ ያለቀ መድኃኒት አይተካም። «ዘይት መቀየር ቀረ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ እውነት አልተናገረም።

የዘይት ዕድሜ ማራዘም የሚቻለው ዘይቱ በላቦራቶሪ እየታየ ሲሆን ብቻ ነው። በአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ያለው የአይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ሠራተኛ በሚያመላልሱ አውቶቡሶቹ ላይ ባይፓስ ፊልትሮ ገጥሞ ሞክሯል። አብዛኛው የዘይት ቅየራ ቀርቷል፤ ግን በየጊዜው ናሙና ተወስዶ የብረቱ፣ የጥላሸቱና የመድኃኒቱ መጠን እየተለካ ነበር። ይህን የማያደርግ ባለ ሚኒባስ ፊልትሮውን ገጥሞ ዘይቱንም እንደ ቀድሞው በጊዜው ቢቀይር ይሻለዋል፤ ትርፉን ከሞተሩ ዕድሜ ያገኘዋል።

ላቦራቶሪ ባይኖርም ማንም የሚያደርገው ፍተሻ አለ። ሞተሩ ሞቆ እንዳለ አንድ ጠብታ ዘይት መምጠጥ በሚችል ነጭ ወረቀት ላይ አኑሮ ለአንድ ቀን መተው ነው። ጠብታው ቀስ በቀስ እየሰፋ ዙሪያውን ቀለሙ እየሳሳ ከሄደ ዘይቱ ጥላሸቱን በትኖ መያዝ ይችላል። ጥቁሩ መሃል ላይ ተሰብስቦ ጠርዙ በስለት እንደተቆረጠ ከቆመ፣ ዘይቱ ደክሟል፤ ጥላሸቱም መያያዝ ጀምሯል። ጠርዙ ላይ ገርጠት ያለ ሰፊ ቀለበት ከታየ ናፍጣ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ወረቀቶቹን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፎ የሚያስቀምጥ ባለንብረት በዓመቱ ስለ ሞተሩ ብዙ ያውቃል።

ከባይፓሱም በፊት ግን የአየር ፊልትሮው ይቀድማል። የወረቀት አየር ፊልትሮን በኮምፕሬሰር እየነፉ መልሶ መግጠም ከተማው ሁሉ የለመደው ነው። ኃይለኛው ነፋስ ወረቀቱን በዓይን በማይታይ መጠን ይበሳዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው አቧራ የትኛውም የዘይት ማጣሪያ ተከታትሎ የማይጨርሰው ነው። በር ክፍት ትቶ ቤት መጥረግ አይሆንም፤ የአየር ቱቦው ማሰሪያ ላይ የምታጠፋው አምስት ደቂቃ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል።

የቤንዚን ቪትዙን ጧት ከካዛንቺስ ቦሌ፣ ማታ ተመልሶ ብቻ የሚነዳ ሰው ባይፓስ ፊልትሮ ግዛ አልለውም። ዘይቱን በጊዜው ይቀይር፣ ሐሰተኛ ያልሆነ ዘይትና ፊልትሮ ይግዛ፤ በቂው ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የናፍጣ ሞተር ግን፣ ለአይሱዙው፣ ለሚኒባሱ፣ ለአውቶቡሱና ለጄኔሬተሩ፣ በሙሉ ልቤ እመክረዋለሁ። ሞተሩ ገና ጤነኛ ሳለ ቢገጠም ነው ጥቅሙ። ብሮንዚናው አልቆ ሲሞቅ የዘይቱ ግፊት የሚወርድበት ሞተር ከፓምፑ የሚተርፈው ዘይት የለውም፤ እሱ መጀመሪያ ይታደስ።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን አይጎድልበት። የዘይት ግፊት መለኪያው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ «ቲ» መጋጠሚያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፊልትሮው የሚሄደው መስመር ላይ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ መኖር አለበት። ማጥበቢያው ከሌለ የሞተሩን ግፊት ይሰርቃል። ቱቦው ሙቀትና ዘይት የሚችል፣ ጫፉ በማሽን የተጨመቀ የሃይድሮሊክ ቱቦ ይሁን፤ የውሃ ጎማ በክላምፕ አስሮ መልቀቅ መኪናውን መግደል ነው፤ ቱቦው ቢፈነዳ ኮፓው በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ይሆናልና። ከጭስ ማውጫውና ከሚንቀጠቀጥ ስለታም ብረት ይራቅ። የሚመለሰው ዘይት በዘይት መሙያው ክዳን ወይም በኮፓው በኩል ያለ ግፊት ይገባል። ሞተሩ ተነስቶ ፊልትሮው ሲሞላ ኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ስለሚቀንስ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ጠብቆ በመለኪያ ዘንጉ ማየትና የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሹፌሩ በየጧቱ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጋቸው፤ ማታ ሲመለስ እርጥብ ሆኖ ያገኘው መጋጠሚያ ካለ በማግስቱ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ይጥበቅ።